የኮሌጅ ኳስና የቤተ ክርስቲያን አባልነት

የአሜሪካ የኮሌጅ እግር ኳስ (ስሙ እንዲህ ይባል እንጂ ኳሱ በእጅ የሚያዝ ነው) ሃይማኖትን ይመስላል ሲባል ብዙዎች የሚጠቅሱት የቅዳሜውን በዓል፣ መዝሙሩንና ሰልፉን ነው። ይህ ግን የላይ ላዩ ነው። ጠለቅ ያለው ተመሳሳይነት በአባልነቱ ዘንድ ይገኛል።

ለዚህም በኢንዲያና የሚገኘው የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ምስክር ነው። ትምህርት ቤቱን እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1842 ዓ.ም. የመሠረቱት ካቶሊካዊው ቄስ ኤድዋርድ ሶሪን ናቸው። በ1920ዎቹ ከአየርላንድ፣ ከኢጣሊያና ከፖላንድ የፈለሱ ካቶሊካውያን ፕሮቴስታንት በበዛበት አገር እንደ ባዕድ ይታዩ ነበር፤ በ1924 ዓ.ም. የኩ ክለክስ ክላን ማኅበርተኞች ሳውዝ ቤንድ ከተማ ድረስ መጥተው ከተማሪዎቹ ጋራ ተጋጩ። በ1925 ዓ.ም. ጃንዋሪ 1 ቀን ቡድኑ ስታንፎርድን 27 ለ10 ሲያሸንፍ ድሉ የተማሪዎቹ ብቻ አልነበረም። የኮሌጅ ደጃፍ ረግጦ የማያውቀው የኒው ዮርክ ሠራተኛ ጭምር «እኛ» ይል ነበር። እንዲህ ያሉት ደጋፊዎች «የምድር ውስጥ ባቡር ምሩቃን» ተብለዋል። አባልነታቸው በፈተና የተገኘ ሳይሆን፣ ሕፃን ፈቃዱ ሳይጠየቅ በወላጆቹ እምነት እንደሚጠመቅ ሁሉ፣ ከቤተሰብ የተወረሰ ነው።

የአሠልጣኙ የክኑት ሮክኒ መንገድ የተገላቢጦሽ ነበር። በኖርዌይ የተወለደው ይህ ሉተራዊ ቡድኑን ለዓመታት ከመራ በኋላ በ1925 ዓ.ም. ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገባ። በ1931 ዓ.ም. በካንሳስ በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት ጸሎተ ፍትሐቱ በዩኒቨርሲቲው ቤተ ክርስቲያን ተደረሰ፤ ሥርዓቱም በራዲዮ ተሠራጨ።