ሁለተኛው የሐዲሱ ግማሽ

በ630ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ኸሊፋ ዑመር ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የምትባል ቦታ ላይ የጦር አዛዦቹ ተቀበሏቸው፤ ወረርሽኝ ገብቷል አሏቸው። ዑመር ለብቻቸው አልወሰኑም። ሙሃጂሮችን አማከሩ፣ ተከፋፈሉ። አንሷሮችን አማከሩ፣ እነሱም ተከፋፈሉ። ሦስተኛ የተጠሩት የቁረይሽ አዛውንቶች ግን እንመለስ በሚለው ተስማሙ።

አቡ ዑበይዳ ይሄ ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ብሎ ተከራከረ። ዑመር፣ ሽሽቱም ራሱ ቀደር ነው አሉት፤ ሣር ያለውንና ደረቁን የሸለቆ ዳር ምሳሌ አድርገው። ይሄ ምሳሌ ለሚኤሶ አርብቶ አደር ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሣር ፍለጋ ከብቱን ስለነዳ ቀደርን ካደ የሚለው የለም እኮ!

አብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ ሐዲሱን ያመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፦ ወረርሽኝ ያለበት አገር አትግቡ፤ ካላችሁበትም ሸሽታችሁ አትውጡ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ምክክሩና ውሳኔው ቀደመ፣ ማስረጃው ተከተለ።

ኮቪድ አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ሚያዝያ 16 ረመዳን ሲገባ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት የጀመዓ ሶላት እንዲቆም ወስኖ ነበር። ተራዊሕ በየቤቱ ሆነ። ከባድ ነው፤ ግን ቤት ውስጥ መስገድ ይቻላል፣ ውዱእም እጅ ያስታጥባል።

ለጭሮ የሚከብደው ሁለተኛው ግማሽ ነው። ከተማዋ (የድሮዋ አሰበ ተፈሪ) ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ገለምሶ፣ በደሳ፣ ሂርና ጫት ይሸጣሉ። ጫት ደግሞ ከተቆረጠ ሁለት ቀን ካለፈው ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ አይሱዙው ይበራል። አትውጡ ማለት እዚህ አትሽጡ ማለት ነው። በርጫውም ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚቅሙበት ነው።

እንደኔ፣ የሐዲሱ ከባድ ሥነ ምግባር እዚህ ጋ ነው። አለመግባት ራስህን ይጠብቃል። አለመውጣት ግን የማታውቀውን ሰው ነው የሚጠብቀው፤ ጤነኛ መስለህ በሽታ ልትሸከም ትችላለህና። ዋጋውን የሚከፍለው የቀረው ሰው ነው። ስለዚህ ቅር ከተባለ የሚቀረውን ማን ያብላው የሚለው አብሮ መነሳት አለበት፤ ዘካና ሰደቃ ለዚህ ካልሆኑ ለመቼ?

አቡ ዑበይዳ ሻም ቀረ፣ በወረርሽኙም ሞተ። ተከትሎት ሙዓዝ ኢብን ጀበል ሞተ። ቀጥሎ ኃላፊነቱን የያዘው ዐምር ኢብኑል ዓስ ሕዝቡን ወደ ተራሮች በተነው። ከሶሐቦች የተቃወሙት ነበሩ። ዑመር ግን ሲሰሙ እንዳልነቀፉት ይተረካል።