ማንም የማይጠብቀው ፒጋም፣ ሁሉም የሚጠብቀው ጤና አዳም

ቢሉ ሴንተር ለገበያ የሚሄድ ሰው ስለ ስሙ ብዙም አያስብም። ስሙ ግን ታሪክ አለው። «ቢሉ» ከነቢዩ ኢሳይያስ መጽሐፍ የተወሰዱ የአራት ዕብራይስጥ ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች ናቸው። በ1882 ከሩሲያ ግዛት ተነሥተው መሬት ሊያርሱ ወደዚህ የመጡ ወጣቶች ራሳቸውን በዚህ ስም ጠሩ፤ በ1884 ደግሞ ከረሆቮት በስተደቡብ ያለችውን ገዴራን መሠረቱ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እነማን እንደነበሩ፣ በምን እንደተቸገሩ ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል፤ ተፈትነንበታልም።

ከገበያው ብዙም ሳይርቅ ቂርያት ሞሼ ሰፈር ውስጥ ማንም ያልተፈተነበት ሌላ የተክል ታሪክ አለ። የሚገኘው በሚርፔሴት ላይ ነው፤ በአሮጌ የቀለም ባልዲ፣ በዘይት ቆርቆሮ፣ አንዳንዴም ከሕንፃው ሥር ባለች ጠባብ አፈር ላይ። ቅጠሉ ደቃቅ፣ አበባው ቢጫ፣ ሽታው ነካ ሲያደርጉት እጅ ላይ የሚቀር። አያቶቻችን ቡና ሲያፈሉ ከሱ አንዲት ቅርንጫፍ ቆርጠው ሲኒ ውስጥ ጣል ያደርጋሉ። ጤና አዳም ነው።

ብዙዎቻችን ጤና አዳም «ከኢትዮጵያ የመጣ ቅጠል» ይመስለናል። ነገሩ ግን ከዚህ የበለጠ ይገርማል።

ያው ተክል፣ ሁለት ዕጣ

ጤና አዳም በሳይንስ ስሙ ሩታ ቻሌፔንሲስ ይባላል። በዕብራይስጥ ፒጋም ማጹይ ነው። የሚመሳሰሉ ሁለት ተክሎች አይደሉም፤ ያው አንድ ተክል ነው። የትውልድ አገሩ የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ስለሆነ እስራኤል ውስጥ ማንም ሳይተክለው በኮረብታ ላይ ይበቅላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን የዱር ተክል ሳይሆን የጓሮ ተክል ነው። ሰው ይተክለዋል፣ ሰው ያጠጣዋል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ቅርንጫፍ ይቀባበለዋል።

በ200 ዓ.ም. አካባቢ የተጠናቀረው ሚሽና ስለ ፒጋም ያነሣል። ሽቪዒት በሚባለው ክፍል፣ በዘጠነኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ፣ ፒጋም ከአሥራት ነጻ ከሆኑት ተክሎች አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሜዳ ላይ የሚበቅል ስለሆነ እንዲህ ያለውን ተክል የኔ ብሎ የሚጠብቅ የለም። ቤተ እስራኤል የያዙት ኦሪትን እንጂ ሚሽናን አልነበረም፤ ስለዚህ ይህን ሕግ አላወቁትም። በጓሯቸው የኖሩት ግን የሕጉን ግልባጭ ነው። እዚህ ማንም የማይጠብቀው ተክል እዚያ ካልተጠበቀ የሚጠፋ ሆነ። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ሐሳብም ይኸው ነው፦ ጤና አዳምን ጤና አዳም ያደረገው አፈሩ ሳይሆን ጠባቂው ነው።

ጓሮው የማን ነበር?

የቤተ እስራኤልን ታሪክ የተማረ ሰው የርስትን ጉዳይ ያውቃል። በጎንደር፣ በወገራ፣ በደምቢያና በሰሜን ይኖሩ የነበሩት አብዛኞቹ ቤተሰቦች ርስት አልነበራቸውም። ነገሩ ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከአፄ ይስሐቅ ጦርነት ጋር እየተያያዘ ይተረካል። የሰው መሬት ያርሱ ነበር፤ ኑሯቸውን የሚደጉሙት ደግሞ በብረት ሥራ፣ በሸማና በሸክላ ነው። የመሬት አዋጁ የመጣው በ1975 ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ብዙዎቹ እዚያ አልነበሩም።

ሰፊው እርሻ የሌላ ሰው ሲሆን ከቤቱ ጀርባ ያለችው ጓሮ ትልቅ ነገር ናት። እዚያ የሚበቅለው በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነበር። በሶ ብላ ለሽሮና ለበርበሬ። ኮሰረት ቅቤ ለማንጠር። ጤና አዳም ለቡና፣ ለእርጎና ለአይብ፤ ፍሬው ደርቆ ለበርበሬ። ሆድ ሲቆርጥ ጤና አዳም በነጭ ሽንኩርት። ምች ሲመታ ዳማከሴ በመዳፍ ታሽቶ ጭማቂው ይሸተታል፣ ፊት ላይም ይቀባል።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን እንናገር፤ ይህ የኛ ብቻ አልነበረም። ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት ያንኑ ጤና አዳም ይተክል ነበር። በመንጻት ሕግ ምክንያት አብሮ መብላት ባይኖርም የቅጠል ዕውቀት ግን አጥር አልከለከለውም።

የተጻፈውና ያልተጻፈው

ስለ ኢትዮጵያ መድኃኒት የተጻፈ ነገር የለም የሚል ካለ ተሳስቷል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ ቆየ፤ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ኮሶን ከነሥዕሉ ለአውሮፓውያን አስተዋወቀ። ስለ ቤተ እስራኤልም ጽፏል። ደብተራዎች የመድኃኒት መጽሐፎችን በግዕዝና በአማርኛ ሲገለብጡ ኖረዋል። ስቴፋን ስትሬልሲን የተባለው የፖላንድ ተወላጅ ምሁር ከነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹን አጥንቶ በ1968 እና በ1973 አሳትሟል።

ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? የጓሮው ዕውቀት። የደብተራው ዕውቀት በብራና ላይ አለ፤ የእናቶች ዕውቀት ግን በእጅ ነው ያለው። ስንት ቅጠል፣ ከፈላ በኋላ ወይስ ሳይፈላ፣ ለሕፃን ወይስ ለአዋቂ፣ መቼስ አይሰጥም? ይህን የሚያውቅ ሰው አልጻፈውም፤ የሚጽፍ ሰውም ብዙ አልጠየቀም። ልጅቷ ከእናቷ ጎን ቆማ በማየት ትማረው ነበር። ለዚህ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ያስፈልጋል፦ አብሮ መቆም።

በእጅ ያልተያዘ ሻንጣ

ያ ሰንሰለት የት እንደተበጠሰ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1984 በሱዳን በኩል የመጡት በእግራቸው ነው የተጓዙት፤ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች በመንገድና በካምፕ እንደሞቱ ይገመታል። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን 14,325 ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ሲወሰዱ አውሮፕላኖቹ ብዙ ሰው እንዲይዙ ወንበር ተነቅሎላቸው ነበር፤ ለዕቃ ቦታ አልነበረም። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ቀዬአቸውን ለቀው አዲስ አበባ ውስጥ ወራት በመጠበቅ አሳልፈዋል። ስለዚህ ጓሮው ከአውሮፕላኑ በፊት ነው የቀረው።

እዚህ ደግሞ መጀመሪያ ሜርካዝ ክሊታ፣ ሆቴል፣ ካራቫን። ነገ ትነሣለህ የተባለ ሰው ምን ይተክላል? ከ1993 ጀምሮ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን ልዩ ማሽካንታ ሲሰጥ ቤተሰቦች ቤት መግዛት ጀመሩ። ቂርያት ሞሼ የሞላው በዚያ ዘመን ነው። ቤት ተገኘ፤ ጓሮ ግን አልተገኘም። ፎቅ ላይ ያለ አፓርታማ ያለው ሚርፔሴት ብቻ ነው፤ ከታች ያለው አፈር የሁሉም ነዋሪ ነው፤ ግቢውን የሚያጸዳው ሰው ደግሞ ጤና አዳሙን አረም መስሎት ሊነቅለው ይችላል። እንግዲህ ባልዲው የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። የቀለም ባልዲ የተቀነሰ ጓሮ ነው።

ጎረቤቶችም ያውቁታል

ያኔ አያቶቻችን አንድ ነገር አወቁ፤ ጤና አዳም እዚህ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ከሞሮኮ የመጡት ፊጀል ይሉታል። ከቱርክና ከግሪክ የመጡት ላዲኖ ተናጋሪዎች ሩዳ ብለው ከክፉ ዓይን ይጠብቀናል ይላሉ። እዚሁ ረሆቮት፣ ሻዓራይም የሚባለውን ሰፈር ያቀኑት የመን አይሁዶች ሸዳብ ይሉታል፤ በየመን ወግ ሙሽራ በራስ ጌጧ ላይ ትሰካዋለች። አስቡት፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ብረት በመቀጥቀጣቸው «ቡዳ» እየተባሉ የተገፉ ሰዎች እዚህ ሲደርሱ ጎረቤቶቻቸው ከክፉ ዓይን የሚከላከሉበት ቅጠል ያው የነሱው የቡና ቅጠል ሆኖ ተገኘ።

ሌሎቹ ቅጠሎች ሁሉ እንዲህ ዕድለኛ አልነበሩም። በሦስት ብንከፍላቸው ታሪኩ ግልጽ ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ እዚህ ዘመድ ያገኙት ናቸው። ጥቁር አዝሙድ እዚህ ቄጻሕ ነው። በሶ ብላ ከባዚሊኩም ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ሽታው ግን ይለያል፤ የሱፐር ባዚሊኩም ሽሮ ላይ የነሰነሰ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። አሪቲም እዚህ ሺባ ከምንለው የሻይ ቅጠል ጋር ከአንድ ወገን ነው።

ሁለተኛዎቹ ደርቀው በከረጢት የሚመጡት ናቸው። ኮሰረት የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ተክል ነው፤ በኢትዮጵያውያን ሱቅ የምናገኘው ደረቁን ነው። ዘር ወይም ቅርንጫፍ በሻንጣ አምጥቶ መትከል በ1956ቱ የተክል ጥበቃ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ አይቻልም። ሕጉ ምክንያት አለው፤ ከአንድ ቅጠል ጋር የሚመጣ በሽታ የአንድ አገር እርሻ ሊያጠፋ ይችላል።

ሦስተኛዎቹ በደጋቸው የቀሩት ናቸው። ጦስኝ የከፍተኛ ቦታ ተክል ነው፤ በሰሜን፣ በመንዝና በባሌ ተራራ ላይ ይበቅላል። ጎንደር ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ረሆቮት ግን ከባሕር ወለል ብዙም አትርቅም። ለሻይ ጦስኝን የለመደ ሰው እዚህ በዛዓታር ይተካዋል። ዛዓታር ከ1977 ጀምሮ ጥበቃ የሚደረግለት ተክል ስለሆነ ግን እንደ አገር ቤት ከሜዳ እየሸመጠጡ መሄድ የለም፤ ከችግኝ ቤት ገዝቶ መትከል ነው።

ባልዲው እና ኩፓት ሆሊም

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ። አንዱ «ይህ ሁሉ አጉል እምነት ነው» ማለት ነው። ሁለተኛው «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ማለት ነው። ታሪካችን ሁለቱንም አይደግፍም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ እንዶድም የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አሳየ። የሴቶቹ ልማድ ለሳይንስ በር ከፈተ። ያው እንዶድ ግን መርዝ ነው።

ጤና አዳምም እንደዚሁ ነው። ጭማቂው ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውኃ ያቋጥራል። በበጋ ስትቆርጡት ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁንም ታጠቡ። እርጉዝ ሴት እንደ መድኃኒት ልትወስደው አይገባም። አያታችሁ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የሚጠጡትን ቅጠል ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ብዙ ጊዜ ይህን ለሐኪሙ በዕብራይስጥ መንገር የሚችለው የልጅ ልጅ ነው። ለማኅበረሰባችን ጤና የሚሠራው ማኅበር «ጤና ብሪኡት» ተብሎ መሰየሙ ደስ ይለኛል፤ በአማርኛም በዕብራይስጥም ያው ጤና ነው፣ አንዱ ሌላውን አያባርርም።

አሁን የሚጠብቀው ማነው?

የቢሉዎቹን ታሪክ የምናውቀው እነሱ ራሳቸው ስለጻፉ፣ ከነሱ በኋላ የመጡትም ስለጠበቁት ነው። የሚርፔሴቱን ታሪክ የጻፈው ግን ጥቂት ነው። በ1991 የ50 ዓመት ሰው የነበሩ እናት ዛሬ ከ80 ዓመት በላይ ናቸው። እሳቸው ሲያልፉ ባልዲው ውስጥ ያለው ተክል አይጠፋም፤ ኮረብታው ላይ እንኳ ይበቅላል። የሚጠፋው ስሙ፣ ልኩ እና «ይህን ለሕፃን አትስጪ» የሚለው ቃል ነው። ያኔ ጤና አዳም ተመልሶ ፒጋም ይሆናል፤ ማንም የማይጠብቀው ቅጠል።

የዕፀዋት ተመራማሪ አንድ ተክል ወረቀት ላይ ሲያደርቅ ከሥሩ ስሙን፣ የተገኘበትን ቦታ፣ ቀኑን እና የሰብሳቢውን ስም ይጽፋል። እኛም ይህን ማድረግ እንችላለን፤ ጥቂት መስመር ብቻ እንጨምርበት። ሰንበት ሲወጣ አያታችሁ ዘንድ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። በአማርኛ ወይም በትግርኛ ስሙ ምንድን ነው? በዕብራይስጥስ? ከማን አገኙት፣ ያ ሰው ከየት አመጣው? የትኛው ክፍል ነው የሚሠራው፣ ቅጠሉ ወይስ ፍሬው? ስንት? ለማን አይሰጥም? ያስተማራቸው ማን ነው፣ የት መንደር? ዕብራይስጥ የሚቀላችሁ በዕብራይስጥ ጻፉ፤ የተክሉን ስም ግን እሳቸው እንደጠሩት በፊደል አስቀምጡት።

ከዚያ አንዲት ቅርንጫፍ ለምኑ። ከአበባው በታች ጣት የሚያህል ርዝመት ቁረጡ፣ የታችኛውን ቅጠል አንሡ፣ ውኃ በማይቋጥር አፈር ውስጥ ትከሉ፣ ሥር እስኪይዝ ጥላ ሥር አቆዩት። በኋላ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ውኃ ግን አታብዙበት፤ ከድርቀት ይልቅ የሚገድለው ውኃ መብዛት ነው። ሲይዝላችሁ ደግሞ እናንተም ለሌላ ሰው ስጡ፤ ስትሰጡ ከነታሪኩ ስጡ።