ከሣጥኑ ሥር ወደ መስታወት

ቃሊቲ በሚገኘው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ከቡፌው ጎን፣ ፊቱ መስታወት የሆነ አንድ ትንሽ ሣጥን ተሰቅሏል። የሠራሁት እኔ ነኝ። የፈቀደችልኝ እናቴ ናት፤ ፈቃዷን ለማግኘት ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ለነገሩ እምቢታው የእርሷ ብቻ አልነበረም፤ የቆየ ልማድ ነው። በእኛ አገር የከበረ ነገር ይሸፈናል እንጂ ለእይታ አይሰጥም። ታቦቱ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ ይወጣል፤ የብራናው መጽሐፍ ከቆዳ ማኅደሩ ይገባል። የሴቶች ጌጥም ቦታው ሙዳይ ነበር። ሙዳይ ከስንደዶና ከአክርማ ይሰፋል፣ በአለላ ያጌጣል፤ አንዳንዱም ቆዳ ለብሶ ዛጎል ይደረደርበታል። ልብ በሉ፤ ጌጡ ሁሉ በውጭ በኩል ነው። የውስጡን የምታውቀው ባለቤቷ ብቻ ናት። ቃሉ ዛሬም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ‹‹ሙዳየ ምጽዋት›› በሚለው ስም ይኖራል፤ እዚያም ቢሆን የገባው አይታይም። በየቤቱ ከአልጋ ሥር የሚገፋው ባለ ቁልፍ የእንጨትና የቆርቆሮ ሣጥንም የዚያው ልማድ ልጅ ነው። መስታወት ያለው ቡፌ ከከተሜው ቤት ሲገባ እንኳ፣ መታየት የተፈቀደለት ስኒው፣ የሠርግ ብርጭቆውና የምረቃው ፎቶግራፍ ነበር።

የእናቴ የቆርቆሮ ሣጥን ሌላም ነገር ደብቆ ነበር። ከነጠላዎቿ ሥር የታላቅ ወንድሜ ሸሚዝ፣ የተማሪነት መታወቂያውና አንድ ፎቶግራፉ ነበሩ። ወንድሜ በጥር 1970 ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሚያዝያ 9 ቀን 1969 በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ከሰባበረ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። በዚያ ዘመን ‹‹ፀረ አብዮተኛ›› ለተባለ ልጅ ማልቀስ ራሱ ያስጠይቃል፤ የልጃቸውን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ወላጆች ነበሩ። ፎቶግራፍ ከግድግዳ ይወርዳል፤ ደብዳቤ ይቃጠላል። እናቴ አላቃጠለችም፤ ደበቀች። ድንኳን አልተተከለም፣ ተዝካር አልወጣም። ደርግ በግንቦት 1983 ወደቀ፤ ሣጥኑ ግን እንደተቆለፈ ቀረ።

በ2002 የ‹‹ቀይ ሽብር›› ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ፤ ያውም ጠርሙሶቹ በተሰበሩበት በዚያው፣ ስሙ ወደ መስቀል አደባባይ በተመለሰው አደባባይ ጥግ። አንድ ቀን እናቴን ይዤ ገባሁ። ከጅምላ መቃብር የወጣው አጥንትና ልብስ በመስታወት ውስጥ ነው፤ ግድግዳውን የሞላው የሰው ፊት ነው። እናቴ ከልብሶቹ ፊት ቆማ ቆየች። ቃሊቲ እስክንደርስ ቃል አልተነፈሰችም። ማታ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ሳበችው።

እኔ አናጢ አይደለሁም፤ ቢሆንም ለሌላ ሰው ልሰጠው አልወደድሁም። ሽታው ብልን ያርቃል ሲባል ሰምቼ ጽድ መረጥሁ። ማዕዘኖቹን በ45 ዲግሪ ቆርጬ በኮላ አጣበቅሁ፤ ጀርባው ኮምፔንሳቶ፣ ውስጡ ጥቁር ከፈይ ሆነ። መስታወት ከቆረጠልኝ ሰው የተማርሁት ነገር አለ፦ ፎቶግራፍ መስታወት ከነካ እርጥበት ያጣብቀዋል፤ ላላቅቅ ሲሉት ፊቱ ይላጣል። ስለዚህ በመካከላቸው የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ተውሁ። ፀሐይ ጨርቅ ስለሚያደበዝዝም ከመስኮቱ ትይዩ አልሰቀልሁትም። እንደ ጥንቱ ሙዳይ ዙሪያውን ዛጎል ልደረድርበት አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም፣ ዓይን ወደ ዛጎሉ ይሄዳል። ሸሚዙን ልጠበው ስል እናቴ ተቆጣች። ልክ ነበረች፤ በአንገቱ ላይ ያለው እድፍ የእርሱ ነው።

መታወቂያውን ከፎቶግራፉ ሥር ያስቀመጠችው እርሷ ናት፤ በሩንም የዘጋችው እርሷው። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ መስታወቱ በነጠላ ቁራጭ ተሸፍኖ አገኘሁት። ዘመድ ሲመጣ ትገልጠዋለች፤ ሲሄድ ትመልሰዋለች።