ቢላዋ ያልነካው ገበታ፤ የመተማ ምግብ ቤቶችና የባልንጀርነት ታሪክ

የመተማ ታሪክ እስካሁን የተጻፈው በባሩድ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። የከተማይቱ ስም ሲነሣ ከማናቸውም አስቀድሞ በአንባቢ ኅሊና የሚደቀነው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የተደረገውና ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁበት ጦርነት ነው፤ ከተማይቱም መተማ ዮሐንስ ተብላ የምትጠራው በእኒሁ ንጉሠ ነገሥት መታሰቢያነት ነው። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ከዚያ ጦርነት በፊትም ሆነ በኋላ በዚያች ቆላ የኖረው ሰው አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው ሲያርስና ሲገበያይ፣ ገበያውም ሲበተን ከባልንጀራው ጋር የሚበላበትን ቤት ሲፈልግ ነበር። ይህ የኋለኛው ጉዳይ ተራ ነገር መስሎ ስለ ታለፈ፣ ጥቂት ቆም ብለን ልንመለከተው እንወዳለን።

ሦስት አራት ባልንጀሮች፣ አንዱ አስተማሪ፣ አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር፣ አንዱ የሰሊጥ ነጋዴ፣ ደመወዝ የተከፈለ ዕለት ወይም ሰሊጥ የተሸጠ ሰሞን «ዛሬ ደግሞ ያንን አዲሱን ቤት እንሞክረው» ተባብለው ቢነሡ ዛሬ የሚደነቅ ሰው የለም። ልማዱ ግን እንደሚመስለን ጥንታዊ አይደለም። በቀድሞው የኑሮ ሥርዓት ምግብ የቤትና የዘመድ፣ የጌታና የሎሌ ጉዳይ ነበር። መንገደኛ ቢመጣ «የእግዜር እንግዳ» ተብሎ ያለ ዋጋ ይስተናገዳል፤ ሹም ቢሆን ደግሞ ድርጎ ከገበሬው ይሰበሰብለታል። በግብር አዳራሽ የሚበላው ሰው የሚቀመጠው እንደ ፍቅሩ ሳይሆን እንደ ማዕረጉ ነበር። ትልቅ ሰው ሲበላ የባዕድ ዓይን እንዳያርፍበት መጋረጃ ይጋረድ ወይም ሸማ ይዘረጋ ስለ ነበር፣ በማያውቁት ሰው ፊት አፍን ከፍቶ መብላት ከነውርም አልፎ የሚያስፈራ ነገር ነበር። እንጀራ በገንዘብ የሚሸጥ ሰው እንግዳ ማስተናገድን ወደ ንግድ የለወጠ ተደርጎ ይታይ ስለ ነበረ ሙያው ይናቅ ነበር፤ ጠላና ጠጅ የምትሸጠው ኮማሪት ያለባትን ስም አንባቢ ያውቀዋል።

በ1900 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሥራ ሲጀምር የደረሰው ነገር ይህንኑ ያስረዳል። እንደሚተረከው፣ መኳንንቱ ምግብ ገዝቶ መብላት ክብራቸውን የሚነካ መስሎ ስለ ታያቸው ወደ ሆቴሉ ድርሽ አላሉም። በዚህ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንታቸውን አስከትለው ሄደው በሉ፤ ዋጋውንም ከፍለው አሳዩ፤ ሌላውም እንደዚሁ እየመጣና እየከፈለ እንዲበላ አሳሰቡ ይባላል። ባልንጀሮች ተሰባስበው አዲስ ምግብ ቤት መሞከር በአገራችን የተጀመረው በንጉሥ ግፊት ነው ብሎ የሚቀልድ ቢኖር አይፈረድበትም።

ዋና ከተማዋ ከዚህ ደረጃ ከመድረሷ በፊት ግን በምዕራቡ ቆላ ሌላ ዓይነት ኑሮ ይኖር ነበር። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ለሐጅ ወጥተው በመንገድ የቀሩ ሙስሊሞች፣ ተክሩር የሚባሉት፣ በዚያ አካባቢ ሰፍረው ጥጥና ማሽላ ያመርቱ፣ ገበያውንም ያስተዳድሩ ነበር፤ ግብርም ለኢትዮጵያም ለግብጽም ይከፍሉ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወደ ስናር ሲወርድ ያለፈው በዚሁ ቆላ፣ ያን ጊዜ ራስ ኤል-ፊል በሚባለው አገር ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ደግሞ በ1854 ዓ.ም. መተማ ደርሶ ገበያውን ተመልክቶ ጽፏል። ከደጋው ቡና፣ ማር፣ ሰም፣ ቆዳና በቅሎ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲህ ጥጥና የባሕር ማዶ ሸቀጥ ይወጣል። ከሸቀጦቹም አንዱ ሰው ነበር። ስለ መተማ ገበያ ድምቀት የሚጽፍ ሰው ባሪያ የተሸጠበት ገበያ መሆኑን ሸሽጎ ማለፍ የለበትም፤ ለነጋዴው እሳት ያነደደችው፣ ውሃ የቀዳችውና ማሽላ የፈጨችው ብዙ ጊዜ በገንዘብ የተገዛች ሴት ነበረች።

የደጋው ነጋዴ ወደዚህ ገበያ የሚወርደው ስንቁን ይዞ ነው። በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ድርቆሹ በስልቻ ታስሮ ይጫናል፤ ጓዙ በሚራገፍበት ሰፈር የሚያበስሉ ሎሌዎች ይከተሉታል። ታዲያ ስንቅ የድህነት ምልክት አልነበረም። የስንቁ ዋና ምክንያት ርቀት ቢሆንም እምነትም ነበረበት። በክርስቲያን እጅ የታረደውን ሙስሊም አይበላም፤ በሙስሊም እጅ የታረደውንም ክርስቲያን አይቀምስም። የጎንደር ሲራራ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ሲሆኑ ሹማምንቱና የገበያው ደንበኛ ክርስቲያን ስለ ነበሩ፣ ለዓመታት አብረው የነገዱ፣ በመንገድ ሽፍታን አብረው የተከላከሉ፣ ምናልባትም አንዱ የአንዱን ሕይወት ያዳነ ሁለት ሰዎች፣ ሥጋ በተቆረሰ ጊዜ ጀርባ ለጀርባ ተዟዙረው ይበላሉ። ይህን እንደ ጥላቻ የሚቆጥር ቢኖር ተሳስቷል፤ ሕጉን የሚያከብሩት ሁለቱም ናቸው። ነገር ግን «ባልንጀራ» የሚለው ቃል በማዕድ ፊት ድንበር እንደ ነበረው መካድ አይቻልም።

ከ1879 እስከ 1881 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ይህ ገበያ ከነሰዉ ጠፋ። በጥር 1879 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን መቱ፤ በጥር 1880 የመሐዲስቱ ጦር በሣር ውሃ ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጠለ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሆነውን ከላይ አንሥተናል። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል ወሰኑ ሲበጅ ጋላባት ወደ ሱዳን፣ መተማ ወደ ኢትዮጵያ ሆኑ፤ በመካከላቸው በበጋ የሚደርቅ አንድ ወንዝ ቀረ። አንድ ገበያ ለሁለት መንግሥት ተከፈለ ማለት ነው። የምግቡ ታሪክ ደግሞ ከዚህ በኋላ እየበለጸገ ይሄዳል።

ጣሊያኖች በቆዩባቸው አምስት ዓመታት የገባው ነገር ፓስታ ብቻ አልነበረም። በጣሊያንኛ የእንግዳ ማረፊያ ማለት የነበረው «ሎካንዳ» በእኛ አፍ «ልኳንዳ» ሆኖ ሥጋ መሸጫ ሆነ፤ «ሆቴል» የሚለውም ቃል በትናንሽ ከተሞች አልጋ ባይኖረውም ወጥ የሚሸጥ ቤት ሁሉ መጠሪያ ሆነ። የቃላቱ ዝውውር እንደሚያሳየው ሕዝቡ ከማደሪያው ይልቅ መብያውን ነበር የፈለገው። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጋላባትና በመተማ ላይ ባደረገው ማጥቃት ቦታው እንደገና የጦር ሜዳ ሆነ፤ ጋላባት ስትያዝ መተማ ግን በዚያ ቀን አልተያዘችም።

የዛሬው የመተማ ምግብ ቤት እውነተኛ አባት ግን ሰሊጥ ነው። በሁመራ የተጀመረው ሰፋፊ የንግድ እርሻ ወደ መተማና ወደ ቋራ ሲዘልቅ፣ በአረም ወራት ሐምሌና ነሐሴ፣ በአጨዳም ወራት መስከረምና ጥቅምት ከየደጋው የጉልበት ሠራተኛ በብዛት ይወርድ ጀመር። ቆላውን ለምደው የቀሩት «ሳሉግ» ሲባሉ አዲስ ወራጆቹ «ሐበሻ» ይባላሉ፤ ሐበሻ በገዛ አገሩ ሐበሻ ተብሎ መጠራቱ የድንበርን ጠባይ ያሳያል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም የክልሉ መንግሥት በሠፈራ መርሐ ግብር ከደጋው ብዙ ቤተሰብ ወደዚሁ አወረደ። ይህ ሁሉ ሰው ወባን፣ ካላዛርን፣ የቆላውን ሐሩር አብሮ የሚቀምስ ሲሆን ዘመዱ ግን ሩቅ ነው። እናት፣ ሚስት፣ ምድጃ የሌለው ወንድ ደመወዙን ይዞ ከእርሻው ወደ ገንዳ ውሃ ወይም ወደ መተማ ዮሐንስ ሲገባ፣ ምግብ ቤት ለርሱ መዝናኛ ሳይሆን ቤት ነው። አብሮት የሚበላውም ዘመዱ ስላይደለ ባልንጀራውን የሚመርጠው ራሱ ነው፤ በግብር አዳራሽ የማይታወቅ ነገር ይህ ነው።

ከዚያም ጥያቄው ይመጣል፤ ከወሎ የመጣው ሙስሊም፣ ከጎጃም የመጣው ክርስቲያን፣ ከጋላባት የተሻገረው ሱዳናዊ ሾፌርና የአገሬው ጉሙዝ በአንድ ገበታ ምን ይብሉ?

መልሱ ፉል ነው። ፉል ደግሞ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ባቄላ ነው፤ ቢላዋ አልነካውም፤ ማን አረደው ተብሎ አይጠየቅበትም። ክርስቲያኑ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ ከዓመቱ እኩሌታ ባላነሰ ጊዜ ስለሚጾም ለርሱ የጾም ምግብ ነው፤ ዓይብና እንቁላል እንዳይጨመርበት ማሳሰብ ብቻ ይበቃዋል። ሙስሊሙም በረመዳን ጾሙን ሲፈታ ከሚቀርቡለት አንዱ ይኸው ነው። አሠራሩ የናይል ሸለቆ ነው። ባቄላው አንገቱ በጠበበ ማሰሮ ሌሊቱን ሙሉ በለስላሳ እሳት ይበስላል፤ ጠዋት በሳሕን ተጨልፎ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ቂጥ ይደቆሳል፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ከሙን፣ የተፈጨ በርበሬ ከሆነለት በኋላ የሰሊጥ ዘይት ይፈስስበታል። ሱዳናውያን ፈጡር የሚሉትን የረፋድ ቁርስ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ ዳቦውን በፉሉ ውሃ እያራሱ። አንድ ትሪ፣ የቀኝ እጅ፣ ከፊት ለፊት መቁረስ፤ እንጀራ የለመደ ሰው ለዚህ አስተማሪ አያስፈልገውም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስደንቀው የባቄላው ጉዞ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ባቄላ ለብዙ ዓመታት በጭነት መኪና በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሸጥ ኖሯል። የሱዳን ምግብ ነው እያልን የምንበላው ፉል እንግዲህ የደጋችን ባቄላ በሱዳን እጅ በስሎ፣ የቆላችን ሰሊጥ ተጨምቆ ፈስሶበት የተመለሰ ነው። የማን ምግብ ነው ብሎ የሚከራከር ካለ ክርክሩን ከሳሕኑ ፊት ሆኖ ቢጀምር ይቀለዋል።

ፉል ሁሉን ነገር ፈትቷል ማለታችን ግን አይደለም። ባልንጀሮቹ ሥጋ ባማራቸው ቀን የየእምነቱ ምግብ ቤት ለየብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከባልደረቦቹ ጋር በቆላው ከተሞች ምግብ ቤት ለምግብ ቤት በዞረበት ጊዜ ካልተጻፉት ሕጎች አንዱን ተምሯል። ቡድኑ የተደባለቀ ከሆነ ቤቱን የሚመርጠው ቁጥሩ ያነሰው ወገን ነው፤ ሦስት ክርስቲያን ከአንድ ሙስሊም ጋር ከሆኑ ከመቀመጣቸው በፊት ዓይናቸው ወደ አንዱ ይመለሳል። እርሱም አፍሮ «ለእኔ ብላችሁ አትጎዱ፣ ሻይ ይበቃኛል» ይላል። አይሰሙትም። ወደ ፉል ቤት ይሄዳሉ።

የሒሳቡም ነገር የራሱ ታሪክ አለው። «እኔ ልክፈል፣ አፈር ስሆን» እየተባባሉ እጅ ለእጅ መያያዝ የጥንቱ የእንግዳ ተቀባይነት ቅሪት ነው፤ ምግብ ቤቱን የራሱ ቤት፣ ባልንጀሮቹንም የራሱ እንግዶች ለማድረግ የሚደረግ ትግል ነው። አዘውትረው አብረው የሚበሉት ግን ወደ ተራ ይገባሉ፤ ዛሬ አንተ፣ በሚመጣው ወር እኔ። ይህ ደግሞ ጽዋው በየወሩ ከአባል ወደ አባል ከሚተላለፍበት ከማኅበር የመጣ ሥርዓት እንደ ሆነ ማንም አስተዋይ ይረዳዋል፤ ቅዱሱና ጠላው ባይኖሩም የተራው ሕግ አለ። ተራውን የዘለለ ሰው «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» መባሉ አይቀርለትም።

ስለ በሊዎቹ ይህን ያህል ካልን ስለ አብሳዮቹ ዝም ማለት አይገባም። በድንበሩ ከተሞች ምግብ ቤት የከፈቱትና በምድጃው ዙሪያ የቆሙት አብዛኛዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ኮማሪት የሚለውን ንቀት ተሸክመው ለባይተዋሩ ወንድ ሁሉ ቤት የሆኑት እነርሱ ናቸው። ብዙ ኢትዮጵያውያትም ድንበሩን ተሻግረው በገዳሪፍና በካርቱም ጎዳናዎች ሻይና ቡና በመሸጥ ኖረዋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአል-ፋሽቃ መሬት ሳቢያ በተነሣው ውጥረት መሻገሪያው ተዘግቶ የቆየባቸው ወራት ነበሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ሱዳናውያንና የሌላ አገር ሰዎች፣ ከእነርሱም ጋር በስደት የኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ በጋላባት በኩል ወደ መተማ ጎረፉ። በዚያው ዓመት ማብቂያ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ የጎንደርን መንገድ አስጨናቂ አደረገው። ባልንጀሮች ማታ ተሰባስበው አዲስ ቤት የሚሞክሩት መንገድ ሲከፈትና ሌሊቱ ሲታመን ስለ ሆነ፣ የአገር ሰላም የሚለካበት አንዱ መስፈሪያ ይኸው ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ቡና በሁለቱም ወገን ጀበና በሚባለው ዕቃ ይፈላል። ሱዳናውያን ዝንጅብል ይጨምሩበታል፤ የደጋው ሰው አይጨምርም። ከላይ በተጠቀሰው ጉዞ ያገኘናት አንዲት ቡና አፍይ ሁለት ጀበና ጎን ለጎን ጥዳ ነበር። የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ከየት እንደ ሆነ ሳትጠይቅ «ዝንጅብል ይግባበት ወይስ ይቅር?» ትለዋለች፤ እንደ መልሱም ከአንዱ ወይም ከሌላው ትቀዳለች። ከእኛ መካከል አንዱ ከሁለቱም እንድትቀዳለት ጠየቀ፤ እርሷም ስቃ የሁለት ስኒ ዋጋ ተቀበለችው።