የሐይቅ ዳርቻ አጠቃቀም መብትና የመኖሪያ ቤት ሴፕቲክ ታንክ ቁጥጥር

ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና ቢሾፍቱ ሐይቅን ተጎራብተው የተመሠረቱ ከተሞች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች የሐይቅ ዳርቻ አጠቃቀምና የመኖሪያ ቤቶች ፍሳሽ አወጋገድ በተለያዩ ጽሕፈት ቤቶች የሚታዩ ጉዳዮች ቢሆኑም፣ ሁለቱም የሚነኩት ያንኑ ውሃ ነው። ይህ ጽሑፍ ነዋሪዎች መብታቸውንና ግዴታቸውን አውቀው አገልግሎት እንዲያገኙ፣ ሲያስፈልግም አቤቱታ እንዲያቀርቡ ለመርዳት ተዘጋጅቷል።

የሐይቅ ዳርቻ የማን ነው?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት መብት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም የሀገሪቱ የውሃ ሀብት የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል። ስለሆነም ከሐይቅ ጋር የሚዋሰን ይዞታ ያለው ሰው መብቱ በይዞታ ማረጋገጫ ካርታው በተመለከተው ወሰን የተገደበ ነው። አጥርን ከወሰን አሳልፎ እስከ ውሃው መዘርጋት ወይም ዓሣ አስጋሪዎችና ሌሎች ነዋሪዎች የሚመላለሱበትን የጋራ መንገድ መዝጋት ከዚህ መብት ውጭ ነው።

አዋጁ በተጨማሪ፣ ተቆጣጣሪው አካል ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ጋር በመመካከር የውሃ አካላትን ዳርቻ እንዲከልል፣ በተከለለው ስፍራም ዛፍና ዕፅዋት መመንጠርንና መኖሪያ ቤት መሥራትን እንዲከለክል ሥልጣን ይሰጠዋል። ስለዚህ ቤት ከመግዛት ወይም ግንባታ ከመጀመር በፊት ቦታው በተከለለ ዳርቻ ውስጥ አለመሆኑን ከከተማው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ይገባል።

ሴፕቲክ ታንክ ቁጥጥር የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?

በትክክል የተሠራ ሴፕቲክ ታንክ ውሃ የማያሳልፍ ቋት ነው። ደረቁ ቆሻሻ ከታች ይዘቅጣል፤ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ በመካከል ያለው ፍሳሽ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ አልፎ በአፈር ውስጥ ይጣራል። ቋቱ የሚያሰርግ ከሆነ፣ ዝቃጩ በወቅቱ ካልተነሣ ወይም የከርሰ ምድር ውሃው ለገጸ ምድር ቅርብ ከሆነ ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ጉድጓድ ውሃና ወደ ሐይቁ ይደርሳል። ፍሳሹ የተቅማጥ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ይይዛል፤ በውስጡ ያሉት ናይትሮጅንና ፎስፈረስም አልጌንና እንደ እምቦጭ ያሉ መጤ አረሞችን ያፋፋሉ።

የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው የገባበት ብክለት በቀላሉ ታጥቦ አይሄድም። ዓባይ ደግሞ ከጣና ሐይቅ ስለሚወጣ በባሕር ዳር የሚለቀቅ ፍሳሽ ከከተማዋ በታች ያሉ ነዋሪዎችንም ይነካል።

የነዋሪዎች ግዴታ

1. የታንኩንና የማስረጊያ ጉድጓዱን ቦታ በግንባታ ፈቃድ ንድፍ ላይ ማሳየት፤ ከሐይቁና ከውሃ ጉድጓድ ሊኖራቸው የሚገባውን ርቀት ፈቃድ ሰጪውን አካል መጠየቅ።
2. ዝቃጩ የታንኩን ጥልቀት አንድ ሦስተኛ ያህል ከመያዙ በፊት በፍሳሽ መምጠጫ ተሽከርካሪ ማስነሣት፤ የተነሣው ፍሳሽ ወደተፈቀደለት ማስወገጃ ስፍራ መወሰዱን ማረጋገጥ።
3. የምግብ ዘይት፣ ጨርቅ፣ የንጽሕና መጠበቂያና ኬሚካል ወደ ታንኩ አለመጨመር።
4. የታንኩን ፍሳሽ ከጎርፍ መውረጃ ቦይ ጋር አለማገናኘት። ወደ ውሃ አካል ፍሳሽ ለመልቀቅ በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል።

ማሳሰቢያ፦ በታንክ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ስለሚችል ማንም ሰው፣ የወደቀን ሰው ለማዳንም ቢሆን፣ ያለ መከላከያ መሣሪያ መግባት የለበትም።

አቤቱታ እንዴት ይቀርባል?

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የከተማ አስተዳደሮች የከተማ ቆሻሻ መሰብሰቡን፣ መጓጓዙንና በአግባቡ መወገዱን እንዲያረጋግጡ ያስገድዳል። በአንቀጽ 11 መሠረትም ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ የደረሰ መሆኑን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም አመልካቹ በውሳኔው ካልተስማማ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የውሳኔው ጊዜ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ክስ መመሥረት ይችላል። ጊዜው የሚቆጠረው በቀን ስለሆነ፣ አቤቱታውን በጽሑፍ ማቅረብና ቀንና ማኅተም ያለበትን ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል።

የዳርቻ መንገድ መዘጋትን የሚመለከት አቤቱታ በቅድሚያ ለቀበሌውና ለከተማው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። በአስተዳደር በደል ምክንያት መፍትሔ ያላገኘ ነዋሪ ጉዳዩን ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላል።