የበግ ደምና የጉንጭ ሕዋስ

እ.ኤ.አ. በ1937 ኦስሎ ውስጥ ኤሪክ ቮለር የተባለ ሐኪም የአንድ የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕመምተኛን ሴረም ከበግ ቀይ የደም ሕዋሳት ጋር ቢቀላቅል፣ ሕዋሳቱ እርስ በርስ ተጣበቁ። በ1940 አሳተመው፤ ዓለም ጦርነት ላይ ነበርና ብዙም ሰሚ አላገኘም። በ1948 አሜሪካዊው ሃሪ ሮዝ ለብቻው ደረሰበት፤ ምርመራውም የሁለቱን ስም ያዘ።

ችግሩ፣ ሕዋሳቱን የሚያጣብቀው ፀረ እንግዳ አካል ጤነኛ አዛውንት ደም ውስጥም ይገኛል።

በ1964 ኒንሃውስና ማንዴማ የተባሉ ሆላንዳውያን ከጉንጭ ውስጠኛ ክፍል በተፋቀ ሕዋስ ላይ የሚጣበቅ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል አገኙ። የተሻለ ነበር፤ ለምርመራው የሚሆን ጉንጭ ያለው ለጋሽ ግን እንደ ልብ አይገኝም ነበር! የሚጣበቀው ሲትሩሊን የተባለ አሚኖ አሲድ ላይ መሆኑ የታወቀው በ1998 ነው። ከዚያ የተወለደው፣ ይህን ፀረ እንግዳ አካል ደም ውስጥ የሚፈልገው የፀረ ሲሲፒ ምርመራ የማን መገጣጠሚያ አጥንት ቀድሞ ሊሸረሸር እንደሚችል ገና በሕመሙ መባቻ ይጠቁማል። በ2004 የኋላ ኋላ በሕመሙ የተያዙ የሆላንድ ደም ለጋሾች ተቀምጦ የቆየ ደም ሲመረመር፣ ፀረ እንግዳ አካሉ ሕመሙ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ተገኝቷል።