እግርን የሚያግዝ አየር፦ የአሮጌ ፒክአፕ ፍሬን ታሪክ

የአሮጌ አሜሪካ ሠራሽ ፒክአፕ ፔዳል ሲደርቅ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው የእግርን ጉልበት የሚያግዘውን ሰርቮ ነው። ክቡ ቆርቆሮ ተፈትቶ በአዲስ ይተካል፤ ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ከነበረበት አይነቃነቅም። የስሕተቱ ሥር ፍሬኑን አንድ ወጥ ዕቃ አድርጎ ማየት ይመስለኛል። የእነዚህ መኪኖች ፍሬን በአንድ ሰው፣ በአንድ ጊዜ ታስቦ የተሠራ አይደለም፤ በየዘመኑ አንዱ በሌላው ላይ ሲደረብ የመጣ ነው። የድርብርቡን ቅደም ተከተል ያወቀ ሰው ብልሽቱን ከየት ጀምሮ መፈለግ እንዳለበትም ያውቃል።

መጀመሪያ ላይ የሹፌሩ ጉልበት ወደ ጎማው የሚደርሰው በብረት ዘንግና በሽቦ ነበር። ማልኮም ሎክሂድ እ.ኤ.አ. በ1917 ጉልበቱን በፈሳሽ የሚያስተላልፍበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ፤ በ1921 የመኪና አምራቹ ዱዘንበርግ በአራቱም ጎማ ላይ ገጠመው። ሼቭሮሌ በ1936፣ ፎርድ ደግሞ ዘግይቶ በ1939 ሞዴሎቹ ወደ ፈሳሹ ገቡ። ፈሳሽ ግፊቱን ለሁሉም ጎማ እኩል ያካፍላል እንጂ ጉልበት አይፈጥርም። የመጀመሪያው እውነተኛ እገዛ የመጣው ከጎማው ጋር ከሚዞረው ታምቡር ነው፦ መኪናው ወደፊት ሲሄድ የሚሽከረከረው ታምቡር የፍሬን ሸራውን ይዞ ይጎትተዋል፣ ሸራውም ይበልጥ ይጣበቃል። በሌላ አነጋገር፣ ከሰርቮ በፊት መኪናው በራሱ ፍጥነት ራሱን እያገዘ ይቆም ነበር። ቤልጅየማዊው አልቤር ዴዋንድር በ1920ዎቹ የሞተርን የመምጠጥ ኃይል ለፍሬን ለማዋል ሲሠራ፣ ፒርስ አሮው በ1928 ተመሳሳይ መሣሪያ በመኪኖቹ ላይ አቀረበ። ፒክአፕ ከቅንጡ መኪና ይህን የወረሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሰርቮ ውስጥ ያለው ነገር እጅግ ቀላል ነው። አንድ ዲያፍራም ቆርቆሮውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሞተሩ ከሁለቱም ወገን አየር ይመጥጣል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ በአንዱ ወገን የውጭ አየር ይገባና ዲያፍራሙን ይገፋል። ስለዚህ የሚገፋው የምንተነፍሰው አየር ነው። ዲያፍራሙ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ሞተሩም 18 ኢንች ሜርኩሪ ከመጠጠ፣ ግፊቱ 300 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ምርመራውም ከዚሁ ይወጣል፦ ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ፣ የቀረው መምጠጥ ሲያልቅ እግርን ሳያነሡ ሞተሩን ማስነሣት። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ካለ ሰርቮው እየሠራ ነው። ካልወረደ ሰርቮውን ከመፍታት በፊት ከማኒፎልድ የሚመጣውን ጎማ ቱቦና አየር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ቫልቭ ማየት ይገባል፤ የተሰነጠቀ ቱቦ ደህናውን ሰርቮ ሲያስወቅስ ይኖራል። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚሰማና የማያቋርጥ የአየር ፉጨት ግን ብዙውን ጊዜ የዲያፍራም መቀደድ ምልክት ነው።

ሌሎቹ ሕመሞች ከሰርቮ የቀደመው የፈሳሹ ዘመን ናቸው። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ መሥመሩ ውስጥ አየር አለ። እግር ሳይነሣ ቀስ እያለ ከሰመጠና የሚፈስ ነገር ካልታየ ፈሳሹን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ማስተር ውስጥ ያለው ጎማ አልቋል። ፍሬኑ ይዞ አልለቅ ካለ ደግሞ በሰርቮውና በማስተሩ መካከል ያለው ዘንግ ረዝሞ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው አደጋ አለ፦ አሜሪካ ሠራሽ መኪኖች በአብዛኛው በ1967 ወደ ሁለት መሥመር እስኪሻገሩ ድረስ አንድ ቱቦ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀር ነበር። በእንዲህ ያለ ፒክአፕ ላይ ከሰርቮ በፊት ባለሁለት መሥመር ማስተር መግጠም የሕይወት ጉዳይ ነው።

«ይህ ሁሉ ታሪክ ምን ይሠራል፤ ታምቡሩን አውጥቶ ዲስክ መግጠም ይበቃል» የሚል ይኖራል። ዲስክ ሲሞቅም ውሃ ሲነካውም የተሻለ ነው፤ ጄኔራል ሞተርስም በ1971 በቀላል ፒክአፖቹ የፊት ጎማዎች ላይ ገጥሞታል። ነገር ግን ዲስክ እንደ ታምቡር ራሱን አያግዝም፤ ያን የጠፋ እገዛ ሰርቮው መተካት አለበት። ለታምቡር የተሠራው ማስተር መሥመሩ ውስጥ የሚያስቀረው ግፊትም ዲስኩን ያስይዘዋል። ከ1947 እስከ 1955 እንደተሠሩት የሼቭሮሌ ፒክአፖች ማስተሩ ከወለል በታች ከሆነ ደግሞ ፈሳሹ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ፔዳሉም በመጀመሪያው ርግጫ ይጠልቃል። ታሪኩን የዘለለ ሰው በአዲስ ዕቃ አሮጌ ብልሽት ይገዛል።

ለደጋ ነዋሪ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። የሚገፋው የውጭ አየር ከሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ግፊቱም ይቀንሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ በጠረፍ ነዳጅ ሳይሰጠው በሚኒሞ 18 ኢንች የሚያሳየው ሞተር እዚህ 11 ገደማ ያሳያል፤ የዚያው ዲያፍራም ግፊት 190 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። የመመሪያ መጽሐፎቹ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ለጠረፍ ነውና፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከጣርማ በር ቁልቁል የሚወርድ ጭነት የያዘ ፒክአፕ ፔዳሉ ቢከብደው፣ መካኒኩ ከፍታውን ሳያሰላ ሰርቮውን መፍታት የለበትም።